ዕቁቡ ወጣ፤ ሚግ እንግዛበት?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከደብረ ብርሃን ነው። ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ። ለሙያው እንግዳ ለሆናችሁ፤ ትራንስፎርመርና ኢንቨርተር ሁለቱም በኤሌክትሮድ፣ ማለትም እየቀለጠ በሚያልቅ የብየዳ ዘንግ፣ የሚበይዱ ማሽኖች ናቸው፤ ኢንቨርተር በኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የሚሠራው ነው። ሚግ ደግሞ በዘንግ ፈንታ ቀጭን ሽቦ በራሱ እየገፋ፣ ብዙ ጊዜም በጋዝ እየሸፈነ የሚበይድ ማሽን ነው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ጓደኛዬ ቴክኒክና ሙያ አብረን ተምረን፣ አብረን ነው የብረታ ብረት ቤት የከፈትነው። ስድስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። በር፣ መስኮት፣ አጥር፣ አንዳንዴ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ እንሠራለን። ሁለት ረዳቶች አሉን። ማሽኖቻችን ሁለት ናቸው፤ እዚሁ አገር የተጠቀለለ ትልቅ ትራንስፎርመርና አንዲት ትንሽ ኢንቨርተር። ሥራ አላጣንም፤ ማድረስ ነው ያቃተን። ባለፈው የአንድ ትምህርት ቤት 40 መስኮት ወስደን ሦስት ሳምንት አዘገየን። እኔና ጓደኛዬ ስንበይድ ነው የምንውለው፤ ረዳቶቹ ቀኑን ሙሉ ግራይንደር ላይ ናቸው። ወደ ማታ መብራት ሲወርድ ትራንስፎርመሩ እሳት አያነሣም። አሁን ዕቁብ ወጣልን። ጓደኛዬ ‹ሚግ እንግዛና እንገላገል› ይላል። እኔ አንድ ትልቅ ኢንቨርተር ይሻላል ባይ ነኝ። ጋዝ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። በዚህ ጉዳይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተኳርፈናል። ምን ይመክሩናል?»

ወንድሜ፣ እንኳን ወጣላችሁ። ስድስት ዓመት ከጓደኛ ጋር ሠርቶ በአንድ ቤት መቆየት ትልቅ ነገር ነው። ማሽን ይገዛል፤ እንዲህ ያለ ጓደኛ ግን ተፈልጎ አይገኝም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለብቻህ አታንብበው። ቡና አስፈሉና አብራችሁ አንብቡት።

ጥያቄህ ሚግ ወይስ ኢንቨርተር የሚል ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ቦታ ላይ ያለችው ቃልህ ናት። «ረዳቶቹ ቀኑን ሙሉ ግራይንደር ላይ ናቸው» ብለሃል። እንደ ቀላል ነገር ነው ያለፍካት። አራት ሰው ባለበት ቤት ሁለቱ ቀኑን ሙሉ የሚፈጩ ከሆነ፣ ከጉልበታችሁ ግማሹ የሚሄደው የተሠራውን ለማስተካከል ነው ማለት ነው። የትኛውም ማሽን ከመገዛቱ በፊት ይሄ መመለስ አለበት። ምንድን ነው የሚፈጩት?

እኔ እንደምገምተው ነገሩ እንዲህ ነው። ብረቱ የሚቆረጠው በእጅ፣ በግራይንደር ነው። በጠመኔ ይሰመራል፤ ረዳቱ በእግሩ ረግጦ ይቆርጣል። 45 ዲግሪ የተባለው 43 ይሆናል፤ አንዳንዱ 47። ሁለቱ ጫፎች ሲገጥሙ በአንድ በኩል ይነካሉ፣ በሌላው በኩል ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል። አንተ ደግሞ ጎበዝ በያጅ ስለሆንክ ክፍተቱን ትሞላዋለህ። አንድ ኤሌክትሮድ ይበቃ የነበረው ማዕዘን ሁለትና ሦስት ይበላል። የሞላኸው እንደ ጉብታ ይቆማል። ብረቱ ከልክ በላይ ስለጋለ ይጎትታል፤ ፍሬሙ ይጣመማል። ከዚያ ረዳቱ ጉብታውን ይፈጫል፣ የተጣመመውን በመዶሻ ይመታል፣ መስኮቱ አልዘጋ ሲል እንደገና ይፈጫል። የሚፈጨው ብየዳው ስለበዛ ነው። ብየዳው የበዛው ክፍተቱ ስለሰፋ ነው። ክፍተቱ የመጣው ከመቁረጡ ነው።

ይህን በጭፍን እንድታምነኝ አልፈልግም። አንድ ነገር አድርጉ። ግድግዳው ላይ በጠመኔ አምስት ዓምድ አስምሩ፤ መለካትና መቁረጥ፣ መግጠም፣ መበየድ፣ መፍጨት፣ ቀለም። አንድ መስኮት ከመጀመሪያው እስከ አንቲረስቱ (የዝገት መከላከያ ቀለሙ) ድረስ በስልካችሁ ሰዓት ተከታተሉ። «መበየድ» የምትሉት ውስጥ እሳቱ የበራበትን ደቂቃ ብቻ ጻፉ። ጭንብል ማንሣት፣ ኤሌክትሮድ መቀየር፣ ስላግ (ብየዳው ላይ የሚቀረውን ቅርፊት) ማንኳኳት እዚያ ውስጥ አይገባም። በኤሌክትሮድ በሚሠራ ቤት እሳቱ የሚበራው ከሥራው ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑ በሙያው የታወቀ ነው። እኔ ራሴ የዛሬ ስንት ዓመት ቆጥሬ፣ ከስምንት ሰዓት ቀን ውስጥ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ስላገኘሁት ደንግጬ ነበር። ስንበይድ የዋልን ነበር የሚመስለኝ። ማሽኑ በእጥፍ ቢፈጥን እንኳ የሚቆጥብላችሁ ከዚያች ሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። የቀረው ስድስት ሰዓት የት እንደሚሄድ ሳታውቁ የዕቁቡን ብር አታውጡ።

አሁን ወደ መብራቱ ልሂድ። ትራንስፎርመሩ ማታ እሳት የማያነሣው አርጅቶ አይደለም፤ ወይም አርጅቶ ብቻ አይደለም። ባለ 220 ቮልት መስመራችሁ ማታ ወደ 195 ወረደ እንበል። ከቆጣሪው እስከ ማሽኑ ያለው ገመድ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ፣ ርቀቱ 40 ሜትር ቢሆን፣ ማሽኑ 30 አምፔር ሲስብ ገመዱ ብቻውን ወደ 17 ቮልት ይበላል። ማሽኑ ጋ የሚደርሰው 178 ነው። የትራንስፎርመር ነገር ደግሞ ቀጥተኛ ነው፤ የገባው ሲቀንስ የሚወጣውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሳይበይድ 60 ቮልት ይሰጥ የነበረው ወደ 48 ይወርዳል። 6013 የሚባለው የተለመደው ኤሌክትሮድ በተለዋዋጭ ኮረንቲ በደንብ እንዲነሣ 50 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል። አንተ ኤሌክትሮዱን ትጭራለህ፤ ይጣበቃል። ትነቅለዋለህ፤ እንደገና ይጣበቃል። ከዚያ ማሽኑን ትረግማለህ። ያንኑ ገመድ በ10 ካሬ መዳብ ብትቀይረው የሚጠፋው ወደ አራት ቮልት ይወርዳል። ለዚህ አዲስ ማሽን አያስፈልግም። ርቀታችሁን ለኩ፤ ገመዱን እዩ። በእጅ ሲነካ የሚሞቅ ገመድ ገንዘባችሁን እያቃጠለ ነው፤ አንድ ቀን ደግሞ ቤቱን ሊያቃጥል ይችላል። ብሬከሩንም፣ የመሬት መስመሩንም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ይይላችሁ። በዚህ ላይ አትሰስቱ።

የማሳውን፣ ማለትም ከማሽኑ ወጥቶ ከሚበየደው ብረት ጋር የሚያያዘውን ገመድም እይልኝ። ብዙ ቤት የማየው ማሳ ጫፉ የተበላ፣ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ የተንጠለጠለ፣ አንዳንዴም ቁራጭ ፌሮ በላዩ የተጣለበት ነው። እዚያ ላይ የሚጠፋው ኃይል ራሱን የቻለ ነው። ጥሩ መቆንጠጫ ግዙ፤ ብረቱን አጽድታችሁ አስይዙት። የአንድ ቀን የምሳ ዋጋ ነው፤ ለውጡን በዚያው ቀን ታየዋለህ።

ቀጥሎ በሙሉ ልቤ የምመክርህ ባለ 355 ሚሊ ሜትር ዲስክ የብረት መቁረጫ ማሽን ነው፤ ያውም ጠንካራ ሞርሳ (ብረቱን ጠፍንጎ የሚይዝ) ያለው። ሚግ ስታስቡ ይሄ እንደ ትንሽ ነገር ሊታያችሁ ይችላል። ማዕዘኑን አንድ ጊዜ በእስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) አስተካክላችሁ፣ ለርዝመቱ ማቆሚያ ብረት ጫፉ ላይ ካሰራችሁለት፣ ረዳቱ ሜትር ሳያወጣ 80 እኩል ቁራጭ ይቆርጥላችኋል። ጠመኔም አይፈልግም። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቁርጥራጮች ላይ ዲግሪውን ፈትሹ፤ ርካሽ ማሽኖች ላይ የተጻፈው ዲግሪ ብዙ ጊዜ አይታመንም።

ከዚያ ጠረጴዛ። ይሄን ራሳችሁ ነው የምትሠሩት፤ አይገዛም። ከትልቅ አንግል ወይም ከቻናል ብረት ፍሬም አውጡ፤ ላዩ ላይ ወፍራም ላሜራ፣ ከተገኘ 10 ሚሊ ሜትር። በውሃ ልክ ሚዛን አስይዙት። አንድ ጥግ ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ ብረቶች በ90 ዲግሪ በይዱ። ዘጠናውን በእስኳድራ ብቻ አትመኑ፤ በአንዱ ክንድ 60 ሳንቲም፣ በሌላው 80 ለክታችሁ፣ ሰያፉ በትክክል 100 ሲሆን ነው ልክ የሚሆነው። ከዚያ ወደ ውጭ መንቀሳቀስ የሚችሉ ማቆሚያዎች ሥሩ፤ ለዚህ የመስኮት መጠን እዚህ፣ ለዚያኛው እዚያ ይታሰራሉ። አራቱን ቁራጭ ትጥላለህ፣ በሽብልቅ ትገፋለህ፣ በነጥብ ብየዳ ትይዛለህ፣ ታነሣለህ። ሁለቱን ሰያፍ መለካት የሚያስፈልገው ለመጀመሪያው ፍሬም ነው፤ ከዚያ በኋላ በየአሥሩ አንዴ ይበቃል።

ያንን የትምህርት ቤት ሥራ እንውሰድ። 40 መስኮት ማለት የውጭ ፍሬሙ ብቻ 160 ማዕዘን ነው። ከእያንዳንዱ ማዕዘን፣ ከመግጠሙም ከመፍጨቱም ተደምሮ፣ አምስት ደቂቃ ብታተርፉ 800 ደቂቃ ነው፤ ከ13 ሰዓት በላይ። መዝጊያዎቹን ገና አልቆጠርንም። ይህ ሁሉ አንድም አዲስ የብየዳ ማሽን ሳይገዛ ነው።

እሺ፣ ማሽኑ። አንተ ኢንቨርተር ማለትህ አሁን ላላችሁበት ደረጃ ትክክል ነው። ምክንያቱን ለጓደኛህ እንዲህ ብለህ አስረዳው። 100 አምፔር ላይ ስትበይዱ እሳቱ ራሱ የሚፈልገው 2.4 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው። አሮጌ ትራንስፎርመር ይህን ለመስጠት ከመስመሩ ከ30 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል፤ ደህና ኢንቨርተር 18 አካባቢ ይበቃዋል። በአንድ ቆጣሪ ሁለት ሰው እንዲበይድ ከፈለጋችሁ ልዩነቱ ይሄ ነው። በዚያ ላይ ቀጥተኛ ኮረንቲ ስለሚሰጥ እሳቱ አይንቀጠቀጥም፤ በቀጭን አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት) ላይ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በትንሽ አምፔር ይዛችሁ ሳትበሱ መሄድ ትችላላችሁ። ብዙዎቹ መብራት እስከ 15 በመቶ ቢወርድም ይቋቋማሉ።

ግን ስትገዛ ዓይንህን ክፈት። ፊቱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አትይ። ከኋላ ወይም ከጎን የተለጠፈችውን ሠሌዳ አንብብ። እዚያ ላይ በመቶ የተጻፈ አለ። 200 አምፔር 60 በመቶ ካለ፣ ከአሥር ደቂቃ ውስጥ ስድስቱን በ200 መሥራት ይችላል ማለት ነው። 200 አምፔር 20 በመቶ ካለ ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ስምንት ደቂቃ ያርፋል። ሁለቱም ሱቅ ውስጥ «200» ተብለው ነው የሚሸጡት። ለእናንተ ሥራ የምመክረው በ60 በመቶ ከ160 አምፔር የማያንስ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ የምትገዛው ሁለተኛ ትንሽ ማሽን ነው። እሷ ደግሞ አለቻችሁ።

አንድ የእናንተ ከተማ ጉዳይ አለ። እነዚህ ማሽኖች የሚፈተኑበት ዓለም አቀፍ ደረጃ እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ነው የሚያስበው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ነው። አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው ማሽኑን የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ብርዳችሁ ትንሽ ይረዳል፤ ቢሆንም ልክ ልኩን አትግዙ፣ ከሚያስፈልጋችሁ ከፍ ያለውን ውሰዱ። ጄኔሬተር ያሰባችሁ እንደሆነም ይሄው ነው። ሞተሩ በዚያ ከፍታ ላይ ከተጻፈለት ጉልበት ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል።

መርካቶ ወርዳችሁ የምትገዙ ከሆነ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የራሳችሁን 3.2 ኤሌክትሮድ፣ ቁራጭ አንግልና ጭንብል ይዛችሁ ሂዱ። «እዚሁ ሰክተህ ልበይድበት» በሉ። አምስት ኤሌክትሮድ በተከታታይ አቃጥሉ። የሚያስፈትሽ ሻጭ ጋ ግዙ፤ «አይቻልም፣ ዋስትና አለው» ብቻ የሚላችሁን ትታችሁ እለፉ። ቦርዱ ቢቃጠል የሚጠግን ሰው ማን እንደሆነ፣ መለዋወጫው የት እንዳለ በስም ጠይቁ። ደረሰኝ ተቀበሉ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የማሽን ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር እዚህ ላይ ዋጋ አልጽፍልህም። ቢያንስ ሦስት ሱቅ ሳትጠይቁ ቀብድ አትስጡ።

ኢንቨርተር ስትይዙ አንድ አመል መቀየር አለባችሁ። ትራንስፎርመሩ አቧራ ላይ ቢውል ቢያድር ግድ የለውም። ኢንቨርተር ውስጡ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው። የግራይንደር ብናኝ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ኮረንቲ ያስተላልፋል። ማራገቢያው ብናኙን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ቦርዱ ላይ ይተኛል፣ አንድ እርጥብ ጠዋት ላይ ጧ ይላል። ስለዚህ መፍጫው ቦታ ሌላ፣ ማሽኑ ቦታ ሌላ ይሁን። በየሳምንቱ ነቅላችሁ በደረቅ አየር አስነፉት። ትራንስፎርመሩንም እንዳትሸጡት። ለወፍራም ብረትና ለክፉ ቀን ያገለግላችኋል።

አሁን ለጓደኛህ። ወንድሜ፣ ሚግ መመኘትህ ስህተት አይደለም። እኔም ሚግን እወዳለሁ። ስላግ የለውም። ኤሌክትሮድ በየደቂቃው መቀየር የለም። ከአንድ ኤሌክትሮድ አምስት ሳንቲ ሜትሩ እንደሆነ ተጥሎ ነው የሚቀረው፤ ሌላው ደግሞ ስላግና ፍንጣሪ ሆኖ ይሄዳል። ከሚግ ሽቦ ግን ከ90 በመቶ በላዩ ብየዳ ሆኖ ይቀራል። በቀጭን አርኤችኤስ ላይ፣ በ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ በሰለጠነ እጅ እንደ መስፋት ነው። ነገር ግን ሚግ ክፍተት ያለበትን የተዝረከረከ ቁርጥ አይወድም። አሁን ባለው አቆራረጣችሁ ላይ ሚግ ብትጨምሩ ጉብታውን በፍጥነት ትሠራላችሁ እንጂ ጉብታው አይቀርም።

ሁለተኛው ነፋሱ ነው። የደብረ ብርሃንን ነፋስ እናንተ ታውቁታላችሁ። የሚግ ጋዝ እሳቱን ከአየር የሚሸፍነው እንደ ቀጭን ነጠላ ነው፤ ነፋስ ገፎ ይወስደዋል። ያኔ ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። የእንጀራ ዓይን ያምራል፤ የብየዳ ዓይን ግን ይሰብራል። በሁለት ወገን ክፍት በሆነ ሼድ ውስጥ ከሆናችሁ ቢያንስ አንዱን ጥግ በቆርቆሮ ሳትዘጉ ሚግ አይታሰብም። አጥር ቦታው ላይ ለመትከል ስትሄዱማ ኤሌክትሮዳችሁ ይበልጠዋል።

ሦስተኛው ጋዙ ነው። እስቲ እናስላው። አንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ ከ500 ሊትር በላይ ጋዝ ይሆናል። በደቂቃ 12 ሊትር ብትለቁ አንድ ኪሎው 45 ደቂቃ ገደማ ያሠራል። 20 ኪሎ የያዘ ሲሊንደር 15 ሰዓት ያህል እሳት ነው። በቀን ሁለት ሰዓት እሳት ካበራችሁ በሳምንት ያልቃል። ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ታስሞላላችሁ። ስለዚህ በአንድ ሲሊንደር ሚግ አይጀመርም፤ ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው መንገድ ላይ ይሆናል። በውርጭ ጠዋት ደግሞ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መቆጣጠሪያው በረዶ ሠርቶ ይዘጋል፤ ማሞቂያ ያለውን ነው የምትገዙት። ያለ ጋዝ የሚሠራ፣ ውስጡ ዱቄት ያለው ሽቦ አለ። ነፋስም ይችላል። ነገር ግን ይጨሳል፣ ስላግም ይጥላል፣ ዋጋውም ከተራው ሽቦ ይወደዳል። እሱን ስትጠቀሙ ዋልታውን መገልበጥ አትርሱ፤ ለተራው ሽቦ ችቦው (ሽቦው የሚወጣበት እጀታ) ፖዘቲቭ ላይ፣ ለዚህኛው ኔጋቲቭ ላይ። ይህን ሳያውቁ «ሽቦው አይረባም» ብለው የጣሉ አውቃለሁ።

አራተኛውን ሳልነግራችሁ ብቀር ኅሊናዬ አይፈቅድም። ሚግ በገዛሁ ሰሞን አንድ የግቢ በር ሠርተን አስረከብን። ማጠፊያዎቹን እኔ ነኝ የበየድኳቸው። ብየዳው እንደ ዶቃ የተደረደረ፣ የሚያምር ነበር። በወሩ ባለቤቱ ደወለ። የላይኛው ማጠፊያ ሙልጭ ብሎ ተላቆ በሩ ወደ ግቢው ወድቋል። ሄጄ አየሁት። ብየዳው ከማጠፊያው ጋር አለ፤ ከቋሚው ብረት ጋር ግን ጨርሶ አልተያያዘም። ላዩ ላይ ተኝቶ ነው የነበረው። ቋሚው ወፍራም ነበር፤ እኔ የቀጭን ብረት አምፔር ላይ እንዳለሁ ነበር የበየድኩት። በሩ ከወደቀበት ሦስት እርምጃ ላይ የልጅ ብስክሌት ተጋድሞ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ኤሌክትሮድ ሲበርድ፣ ማለትም አምፔሩ ሲያንሰው፣ ያስታውቃል፤ ይጣበቃል፣ ይንቀጫቀጫል። ሚግ በርዶም አምሮ ይወጣል። ስለዚህ ሚግ ስትገዙ የመጀመሪያውን ሳምንት ለደንበኛ አትሥሩ። ቁራጭ ብረት በይዳችሁ በሞርሳ ይዛችሁ በመዶሻ ስበሩ። ብረቱ ታጥፎ ብየዳው ካልተላቀቀ ያኔ ነው የተማራችሁት።

እንግዲህ የእኔ ቅደም ተከተል ይሄ ነው። ከዕቁቡ ብር መጀመሪያ ገመዱ፣ ብሬከሩና ማሳው። ከዚያ መቁረጫውና የጠረጴዛው ብረት። ከዚያ አንድ ደህና ኢንቨርተር። ብር ቢተርፍ ለሚግ ይቀመጥ። ሦስትና አራት ወር በዚህ ከሠራችሁ በኋላ የግድግዳውን ዓምድ እንደገና ተመልከቱ። ያኔ መፍጨቱ ቀንሶ፣ ብዙውን ሰዓት የሚበላው ራሱ ብየዳው ከሆነ፣ ሥራችሁም ተመሳሳይ ቀጭን አርኤችኤስ በብዛት ከሆነ፣ ጓደኛህ ትክክል የሚሆንበት ቀን ያ ነው። ያኔ ቀድሞ ሚግ የሚለማመደው እሱ ይሁን።

ለዚያኛው ዙር ዕቁብ ብቻ አትጠብቁ። የካፒታል ዕቃ ኪራይ የሚባል አሠራር አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 ነው የተፈቀደው። ድርጅቱ ማሽኑን ገዝቶ ይሰጣችኋል፤ እናንተ የድርሻችሁን አስቀድማችሁ ከፍላችሁ ቀሪውን በየጊዜው ትከፍላላችሁ። ከፍላችሁ እስክትጨርሱ ማሽኑ የእነሱ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቤት ወይም ካርታ አስይዙ አይሏችሁም። የሚጠይቋችሁ ፈቃድ፣ የግብር ማስረጃና የሂሳብ መዝገብ ነው። ስለዚህ የገባና የወጣውን ከዛሬ ጀምሮ በደብተር ጻፉ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ እሱን ሳልጽፍ አልዘጋም። ስለ ጭንብል በደብዳቤህ ምንም አላልክም። ረዳቶቻችሁ ነጥብ ሲያስይዙ ምን ያደርጋሉ? ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ያዞራሉ አይደል? ወይስ የፀሐይ መነጽር? ያ ጨረር በፀሐይ መነጽር አይቆምም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ዓይን ውስጥ አሸዋ እንደተበተነ ሆኖ የሚያስለቅሰው እሱ ነው፤ ቀን ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ስለሚመጣ ነው ሰው የሚዘናጋው። በራሱ የሚጨልም ጭንብል ግዙ፤ ለአራታችሁም። ይሄ የደግነት ብቻ ጉዳይ አይደለም። በእጅ በሚያዘው ጭንብል አንዱ እጅ ሁልጊዜ ሥራ የለውም። ጭንብሉ ራስ ላይ ሲሆን አንዱ እጅ ብረቱን ይይዛል፤ ነጥቡ ካሰብክበት ቦታ ያርፋል። ከማውቃቸው ግዢዎች ሁሉ ወጪውን ቶሎ የመለሰልኝ እሱ ነው።

ጭሱንም ንቃችሁ አትለፉት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳ ጭስን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት መድቦታል። ዚንክ የተቀባ ብረት ስትበይዱ ደግሞ ማታ ብርድ ብርድ የሚላችሁ፣ ትኩሳት የሚይዛችሁ የዚንኩ ጭስ ነው። እኛ ቤት ወተት ጠጡ ይባላል። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ሳንባ ውስጥ የገባውን ጭስ ግን አያወጣውም። መበየጃው ቦታ ላይ ዚንኩን አስቀድማችሁ አንሡ፤ ስታነሡም አፍና አፍንጫችሁን በብናኝ መከላከያ ሸፍኑ። ስትበይዱ ጭሱ በፊታችሁ ላይ እንዳያልፍ ሆናችሁ ቁሙ። ለነፋስ ብላችሁ ጥጉን በቆርቆሮ የዘጋችሁት ጊዜ ከላይ ጭስ መውጫ ክፈቱለት።

ሰኞ ጠዋት ከጓደኛህ ጋር ዓምዶቹን አስምሩ። የአንድ ሳምንቱን ቁጥር ከገመዳችሁ ርቀትና ውፍረት ጋር ላኩልኝ። መቁረጫውን ለመግዛት አዲስ አበባ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ የራሳችሁን እስኳድራ ይዛችሁ ኑ፤ እዚያው ሱቁ ውስጥ አንድ ቁራጭ አስቆርጣችሁ ማዕዘኑን ለኩት።